የዱቤ ደብተርሽን ይዘሽ ነይ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከጎንደር

ሰላም እንዴት ከረማችሁ። በዚህ ወር ከመጡልኝ ደብዳቤዎች ሶስቱ ስለ ኮምፒዩተርና ስለ ንግድ ትምህርት ናቸው። የመጀመሪያው በጣም ስለነካኝ መልሱ ረዘም ብሏል፣ ሁለቱን ባጭር ባጭሩ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ከረሙ። ምጽፍልዎት ከደምቢያ ነው፣ ከቆላ ድባ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አይቲ ተምሬ ከተመረቅኩ በኋላ ሁለት ዓመት ስራ ፍለጋ ስንከራተት ቆየሁና አሁን ቤተሰብ ጋ ተመልሻለሁ። ውጭ ያለ አጎቴ አራት ያገለገሉ ላፕቶፖች ሲልክልኝ ለምን የሰፈሬን ሰው ኮምፒዩተርና ትንሽም የንግድ ነገር አላስተምርም ብዬ ቀበሌውን ጠየቅኩ፣ የገበሬ ማሰልጠኛው አንድ ክፍል ተሰጠኝ። የመጀመሪያ ቀን 27 ሰው መጣ፣ ደስታዬን አይጠይቁኝ። በሶስተኛው ሳምንት ግን 5 ብቻ ቀሩ፣ እነሱም የ8ኛ ክፍል ልጆች ናቸው። ምነው ቀራችሁ ብዬ ስጠይቅ አንዲት እናት "ልጄ ጎበዝ ነህ፣ ግን ይሄ ለኔ ምን ያረግልኛል" አሉኝ። መብራቱም እንደሚያውቁት ነው፣ አንዳንዴ ሶስት ቀን ይጠፋል። ልተወው ወይስ ምን ላርግ? ክፍያስ ላስከፍል?

መልስ፦ ወንድሜ በአርባ አራቱ ታቦት እንዳትተወው። እናትየዋ የጠየቁህን ጥያቄ ግን ደብተርህ ላይ ጻፈውና ሁልጊዜ ከማስተማርህ በፊት አንብበው፣ የጎደለው ሁሉ እሱ ውስጥ አለ።

በመጀመሪያዎቹ ሶስት ሳምንታት ምን እንዳስተማርክ አልጻፍክልኝም ግን መገመት አያቅተኝም፣ ይሄ ሞኒተር ነው ይሄ ኪቦርድ ነው ይሄ ሲፒዩ ይባላል፣ ኢንፑት ዲቫይስ አውትፑት ዲቫይስ፣ ከዛ ፔይንት ከፍቶ ክብ መሳል። ሁላችንም እንደዛ ነው የተማርነው። ፈተና ላለበት ተማሪ ይሆናል፣ ላሟን አልባ እንጀራዋን ጋግራ ውሃ ቀድታ አንድ ሰዓት በእግሯ ለመጣች እናት ግን አይሆንም።

እኔም ከዓመታት በፊት ማክሰኚት አካባቢ ሳስተምር እንዲሁ ነበር የጀመርኩት። ነጭ ሽንኩርት አምራችም ነጋዴም የሆኑ አንድ ሰውዬ ነበሩ፣ ሁለት ሳምንት ማውሱን ይዘው ተቀመጡና ጠፉ። ከወር በኋላ አንድ ቀን ክፍሉ በር ላይ ቆመው አየኋቸው፣ ከጋቢያቸው ስር ሽፋኑ የተገነጠለ ባለ 50 ሉክ ደብተር አወጡና "ይሄን ማሽኑ ይደምርልኛል?" አሉኝ። ደብተሩ ውስጥ ስም አለ፣ ከስሙ ጎን ጭረት ጭረት አለ፣ አንዳንዱ በእስክሪብቶ አንዳንዱ በከሰል፣ የተከፈለው በአንድ መስመር ተሰርዟል ገሚሱ የተከፈለው ደግሞ በጭረቱ ላይ ነጥብ ተደርጎበታል። እሳቸው እያነበቡልኝ እኔ እየጻፍኩ 43 መስመር ኤክሴል በሚባለው የሂሳብ ሠንጠረዥ ፕሮግራም ላይ አስገባን። ድምሩ ሲወጣ ስክሪኑን ዝም ብለው አዩት፣ ከዛ ስልካቸውን አውጥተው በካልኩሌተር እንደገና ከላይ እስከታች ደመሩት፣ አንድ ሆነ። "ለካ እኔ ደሃ አይደለሁም፣ ገንዘቤ ሰው እጅ ነው" አሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት ጎረቤት ይዘው መጡ፣ ሁለቱም ደብተር ይዘዋል።

ከዛ ቀን ወዲህ የመጀመሪያው ትምህርቴ አንድ ነው፣ የዱቤ ደብተርሽን ይዘሽ ነይ፣ ደብተርህን ይዘህ ና። ደብተር የሌለው ሰው በቃሉ ይዞታል፣ እሱም ቁጭ ብሎ ይነግርሃል አንተ ትጽፍለታለህ። ኮምፒዩተሩን የሚማሩት በዛው ነው፣ ሀያ መስመር የጻፈ ሰው ኪቦርዱን ለምዷል፣ ገንዘቡን በአንድ አምድ የደመረ ሰው ኤክሴል ጀምሯል፣ ፋይሉን ሴቭ አድርጎ በሳምንቱ መልሶ ያገኘ ሰው ፎልደር ምን እንደሆነ ገብቶታል። ስሙን በኋላ ትነግረዋለህ።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር ልንገርህ፣ እኔ ስለተሳሳትኩ አንተ እንዳትሳሳት። ያኔ የሰውየውን ዝርዝር በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አድርጌ ነበር ለሌሎቹ ያሳየሁት፣ እዩ እንዲህ ይሰራል ብዬ። ከባለዕዳዎቹ ውስጥ የአንድ ተማሪ አባት ነበረበት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ወጣ፣ ማታ ወሬው ሰፈር ገባ፣ ሁለቱ ቤተሰብ ተቀያየመና ሽማግሌ ገብቶ ነው የታረቁት። ገጠር ውስጥ ዕዳ የሰው ክብር ነው። ስለዚህ ክፍል ውስጥ ስም አይጻፍ፣ ደብተሩ ላይ ለየሰዉ ቁጥር ይሰጠውና ኮምፒዩተሩ ላይ ቁጥሩ ብቻ ይግባ፣ ስሙን የሚያውቀው ባለደብተሩ ይሁን። ፋይሉም ፓስወርድ ይኑረው፣ ፓስወርዱን አንተም አትወቀው።

ሁለት ሶስት ነገር ደግሞ የኛ ቀን መቁጠሪያና የኛ ፊደል ስለሆነ ብቻ የሚገጥምህ አለ፣ ቀድሞ ማወቁ ጥሩ ነው። ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጁን ቀን ነው። ጥቅምት 30 ለማለት 30/2 ብለህ ስትጽፍ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለም ብሎ እንደ ተራ ጽሑፍ ይወስደዋል፣ ሌላውን ደግሞ ዝም ብሎ ይቀበልና በፈረንጅ አቆጣጠር ያሰላዋል፣ ጳጉሜማ 13ኛ ወር ስለሆነ ጭራሽ አያውቃትም። ስለዚህ ቀንን በሶስት አምድ ለያይተው፣ ቀን ለብቻ ወር ለብቻ ዓመት ለብቻ፣ ያኔ በወር መደርደርም መፈለግም ትችላለህ። ሌላው ሞክሼ ፊደላት ናቸው። አንዱ አለሙ ብሎ ይጽፋል ሌላው ዓለሙ፣ አንዱ ፀሐይ ሌላው ጸሃይ፣ ለኛ አንድ ናቸው ለኮምፒዩተሩ ግን የተለያየ ቃል ነው፣ ስትፈልገው የለም ይልሃል። ከመጀመሪያው ቀን በየትኛው ፊደል እንደምትጽፉ ተስማሙና የተስማማችሁበትን ግድግዳ ላይ ለጥፉ።

አማርኛ አጻጻፉ ራሱ እንደሚፈራው አይደለም። በድምፅ የሚጻፍ ኪቦርድ ከጫንክላቸው ኤልን ሲነኩ ል ይመጣል፣ ኢን ሲያስከትሉ ለ ይሆናል፣ ዩን ሲያስከትሉ ሉ። የላቲን ፊደል የማያውቁትን ደግሞ ስልካቸው ላይ ጂቦርድ የሚባለውን የጉግል ኪቦርድ ጭነህ የአማርኛውን ገበታ አውጣላቸው፣ ሀሁን የቆጠረ ሰው በሁለት ቀን ይለምደዋል። ብቻ የምትጠቀመው ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒዩተሮች ሁሉ አንድ ዓይነት አድርገው የሚያነቡት የፊደል አሠራር መሆኑን አረጋግጥ፣ ፊደላችን ከ1999 እንደ ፈረንጁ ጀምሮ ዩኒኮድ ውስጥ አለ፣ በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ግን ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት እጅ እግር የሌለው ምልክት ብቻ ነው የሚሆነው።

አሁን ወደ ንግዱ። የንግድ ትምህርት ሲባል ቢዝነስ ፕላን አጻጻፍ ከሆነ ያሰብከው ለጊዜው ይቆይ። አንድ ሰብል ወይ አንድ ሥራ ይዘህ እስከ መጨረሻው አስላላቸው። አንተ አገር ነጭ ሽንኩርት አለ እንበል በሱ እንሂድ፣ ቁጥሩ የኔ ምሳሌ ነው አንተ ከነሱ አፍ ውሰድ። አንዲት እናት 400 ኪሎ በ150 ብር ሸጡ፣ 60,000 ብር። ደስ ይላል። ዘር 18,000፣ ማዳበሪያ 6,000፣ ለቀን ሰራተኛ 8,000፣ ኬሻና ጎንደር ድረስ መኪና 3,500። ተደምሮ 35,500 ነው፣ ቀሪው 24,500። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ያቆምና አተረፍኩ ይላል። አንተ ግን ጠይቃቸው፣ እርስዎና ባለቤትዎ ልጆቹም ስንት ቀን ዋላችሁበት? ተቆጥሮ 50 ቀን ሊሆን ይችላል፣ የቀን ሰራተኛ 300 ብር ከሆነ 15,000 ነው። ቀሪው 9,500።

እዚህ ላይ ክፍሉ ዝም ይላል። አትቸኩል፣ ዝም ይበሉ። ከዛ ኮምፒዩተሩ ምን እንደሚያረግላቸው የምታሳይበት ሰዓት አሁን ነው፣ የኪሎ ዋጋ የተጻፈበትን አንዷን ሳጥን 150 የነበረውን 140 አድርጋት፣ ቀሪው 5,500 ይሆናል። 120 አድርጋት፣ ከዜሮ በታች 2,500 ይወርዳል። እኚያ እናት ይሄን በገዛ ጣታቸው ቀይረው ካዩ በኋላ ይሄ ለኔ ምን ያረግልኛል አይሉህም። ጥያቄው ሌላ ይሆናል፣ ሁሉም በሚሸጥበት ሰሞን ልሽጥ ወይስ አድርቄ ላቆየው፣ ካቆየሁት ክብደቱ ስንት ይቀንሳል፣ መኪናውን ከጎረቤት ጋር በጋራ ብንከራየውስ። ያን ውይይት ላንተ ሳይሆን እርስ በርስ ያደርጉታል፣ አንተ ቁጭ ብለህ ትሰማለህ። የአመራረት ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ አንተ ባለሙያ ካልሆንክ አትገምት፣ የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያ ጋብዝ ወይ በ2006 የተጀመረውን 8028 ነፃ የግብርና መስመር በስፒከር አስደውላቸው፣ በአማርኛ ነው።

ስለ ሰዓቱ። መቼ መቼ እንደምታስተምር አልነገርከኝም፣ ሰኞ ጠዋት ከሆነ ግን ሰው መቅረቱ አይገርምም። እኛ አገር ገበሬው በሚካኤል በማርያም በመድኃኔዓለም በበዓለ ወልድ አያርስም። በ12 በ21 በ27 በ29፣ ቤተክርስቲያን ተሳልሞ ጠበሉን ቀምሶ ሲመለስ እጁ ባዶ ነው፣ መማር ደግሞ በዓል አይሽርም። እኔ ፈቃዱን መጀመሪያ ከደብሩ አስተዳዳሪ ነው የጠየቅኩት፣ ከቅዳሴ በኋላ እሳቸው ራሳቸው ናቸው ለሕዝቡ የተናገሩልኝ። ሙስሊም ጎረቤቶችህ ካሉ ደግሞ አርብን ተው። ከወራቱ ሰኔና ሐምሌን እርሳቸው፣ መስከረም ላይ እናንተ ጋ በዋልካው ላይ ሽምብራ ይዘራል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፣ ጥር ሰርግ ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለችዋን አጥብቀህ ያዛት።

ሴቶቹን በተለይ። አራት ላፕቶፕ ላይ ስምንት ሰው ስታስቀምጥ ማውሱ ወንዶቹ እጅ ይገባል፣ ልጃገረዶቹ ከኋላ ቆመው ያያሉ። አንድ ደንብ አውጣ፣ ኪቦርዱን የሚይዘው ደብተሩ የተከፈተለት ሰው ነው። እናቶች ልጅ አዝለው ቢመጡ ደስ ይበልህ፣ አንድ ሰሌን ጥግ ላይ አንጥፍ።

መብራቱን በሂሳብ እንየው። አንድ ላፕቶፕ ወደ 40 ዋት ይወስዳል፣ አራቱ ሁለት ሰዓት ቢሰሩ 320 ዋት ሰዓት ነው። የ100 ዋት ሶላር ፓኔል በበጋ 5 ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ቢያገኝ 500 ይሰጣል፣ በመንገድ የሚባክነው ሲቀነስ 350 ግድም ይቀራል፣ ይበቃሃል። ባትሪው 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ከሆነ የሚይዘው 1,200 ዋት ሰዓት ነው ግን የተለመደው የመኪና ዓይነቱ ባትሪ ከግማሽ በታች ከወረደ ቶሎ ይሞታል፣ ስለዚህ 600 አለኝ ብለህ አስብ። ዴስክቶፕ ማንም በነፃ ልስጥህ ቢልህ እሺ አትበል፣ ኤሌክትሪኩን አትችለውም። ላፕቶፖቹም ያረጁ ከሆኑ ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 2018 ጀምሮ የሚያገኘው መደበኛ የደህንነት አፕዴት ቆሟል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ያረጀ ማሽን ላይ አይጫንም፣ ስለዚህ በዊንዶውስ ፈንታ የሚሰራውን ነፃውን ሊኑክስ ሚንት ጫንባቸው፣ ሊብሬኦፊስ አብሮት ይመጣል የኤክሴልን ስራ በደንብ ይሰራል፣ ከተማ ፎቶ ኮፒ ቤት በተነካካ ፍላሽ የሚመጣው ፎልደርን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስም አያስቸግርህም። ኢንተርኔት ላይ የተመሰረተ ትምህርት ግን አታቅድ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ያሳለፍነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ጎንደር ስትመጣ ኪዊክስ የሚባለውን አውርድ፣ ዊኪፔዲያን እንዳለ ላፕቶፑ ላይ ይዘህ ትሄዳለህ፣ ልጆቹ ያለኔትወርክ ያነባሉ።

ክፍያ? አዎ ትንሽ አስከፍል። ብር የሌለው አንድ ጣሳ እህል ያምጣ። ብሩ ለባትሪና ለጥገና መሆኑን ንገራቸው፣ ሂሳቡን ግን አንተ አትያዘው፣ ከተማሪዎቹ አንዷ ገንዘብ ያዥ ትሁንና ገቢ ወጪውን በየሳምንቱ ኤክሴል ላይ እየጻፈች በሁሉም ፊት ታንብበው። አንድ ትምህርት ቤት አውቃለሁ፣ 20 ኮምፒዩተር ተሰጥቶት እንዳይበላሽ ተብሎ ክፍሉ ተቆልፎ አራት ዓመት ጨርቅ ለብሶ ተቀመጠ፣ ሲከፈት ገመዱን አይጥ በልቶታል። የማንም ያልሆነ ነገር እንደዛ ይሆናል። ያንተ ላፕቶፖች የነሱ ይሁኑ።

አምስቱን የ8ኛ ክፍል ልጆች ደግሞ እንደ ትርፍ አትያቸው። እኚያ እናት ነገ ደብተራቸውን ይዘው ሲመጡ አጠገባቸው ተቀምጠው የሚያግዟቸው እነሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዘዞ በርበሬ ሽሮና ቅመማ ቅመም እሸጣለሁ፣ 52 ዓመቴ ነው። ልጄ ኮምፒዩተር ተማሪ እያለች ትወተውተኛለች። ቴሌብር አለኝ፣ ቀን ብር ሲገባ አያለሁ ማታ ግን የለም፣ ሽያጩ ጥሩ ነው ትርፉ የት እንደሚሄድ አላውቅም። በዚህ እድሜዬ ኮምፒዩተር ይጠቅመኛል?

መልስ፦ እትዬ፣ ለጊዜው ኮምፒዩተሩ ይቅርብዎት፣ ስልኩ ይበቃል። ብሩ የጠፋብዎት አንድ ኪስ ውስጥ ሁለት ቤት ስላለ ነው። የሱቁ ገንዘብና የቤቱ ገንዘብ አንድ ቴሌብር ላይ ነው ያሉት፣ ከበርበሬው ሽያጭ ዘይት ይገዛል የልጅ ትምህርት ቤት ይከፈላል ለለቅሶ ይሰጣል፣ ማታ ሲያዩት ባዶ ነው። ቴሌብሩን ለሱቁ ብቻ ይተዉት፣ ለቤቱ ሌላ የባንክ ሂሳብ ይኑርዎት፣ በየሳምንቱ ሰኞ ለራስዎ ደሞዝ ብለው የተወሰነ ብር ከሱቁ ወደ ቤቱ ያስተላልፉ፣ ከዛ ውጭ አይንኩት። ከሱቁ ለቤት የሚወስዱት በርበሬም በኪሎ ይጻፍ፣ እሱም ሽያጭ ነው።

ማታ ሱቁን ሲዘጉ ለአምስት ደቂቃ ሶስት ነገር ብቻ ደብተር ላይ ይጻፉ፣ የገባ፣ የወጣ፣ በዱቤ የሄደ። እሁድ እሁድ ልጅዎ ወደ ኮምፒዩተር ታግባው፣ እርስዎ ያንብቡላት እሷ ትጻፍ። ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ኪቦርዱን ራስዎ ልያዝ ይሏታል።

አንድ አደራ አለኝ። ደንበኛ ልኬያለሁ ብሎ የራሱን ስልክ ቢያሳይዎት ወይ ሜሴጅ ቢገባልዎት ብቻ እቃውን አይስጡ፣ ቴሌብርዎን ከፍተው ወይ በ*127# ገብተው ሂሳብዎ ላይ መግባቱን ይዩ፣ የውሸት ሜሴጅ የሚልኩ አሉ። ሽልማት ደርሶዎታል የሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩን ብሎ የሚደውል ሰው ደግሞ ማንም ነኝ ይበል ሌባ ነው፣ ስልኩን ይዝጉት። የሚስጥር ቁጥርዎን ለልጅዎም አይንገሩ።

ጥያቄ፦ ዳባት የ2ኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼን የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ስልጠና ላይ ላስመዝግባቸው ወይ?

መልስ፦ ሐምሌ 2016 የተጀመረው ይሄ የኮዲንግ (የኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍ) ስልጠና ነፃ ነው፣ ጥሩም ነው፣ ግን በኦንላይን የሚሰጥ ነው ቋንቋውም እንግሊዝኛ ነው። ኪቦርድ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ቀጥታ እዛ ውስጥ ከገባ ሁለተኛው ቪዲዮ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። መጀመሪያ ትምህርት ቤታችሁ ያለውን ኮምፒዩተር ክፈቱና የላይብረሪውን መጽሐፍት ዝርዝር በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይመዝግቡት፣ ርዕስ፣ የክፍል ደረጃ፣ ስንት ኮፒ እንዳለ፣ ማን እንደወሰደው። አንድ ሴሚስተር ይፈጅባቸዋል። ከነሱ ውስጥ ሳትጠራቸው ከሰዓት እየመጡ ቁልፉን የሚጠይቁህ ሶስት አራት ልጆች ይኖራሉ፣ እነሱን አስመዝግብ፣ ኢንተርኔቱንም ለነሱ ሲሆን ርዕሰ መምህሩን መጠየቅ ይቀልሃል።